ሙሽሪት አልበላም አለች

ጥቅምት 3 ቀን

ሾሙኝ! ወንድምዓለም፣ ሾሙኝ! ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሳልወጣ የዓሣ ኃላፊ ሆንኩልህ!

ውይ፣ ሰላምታው ቀረ። እንግዲህ አሁን ይድረስህ፦ ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ቆፍጣናዋ ሚስትህስ? ልጆቹስ? የልብስ ስፌት መኪናህስ ድምፁ አማረ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ፣ ቤታችሁን ሳቅ ይሙላው፣ ያንን ሳልህንም ከሥሩ ነቅሎ ይጣልልህ።

ወደ ሹመቴ ልመለስ። እዚህ ሰው አገር የምሠራበትን የአረጋውያን መኖሪያ መቼም ነግሬህ ነግሬህ ሰልችቶሃል። የመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር የባሕር ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ አለ። ውሃው ጨው ነው፣ ልክ እንደ ባሕሩ። አዛውንቶቹ ቁርሳቸውን በልተው እዚያ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ እስከ ምሳ ንቅንቅ የለም። ቴሌቪዥኑን ማን አይቶት! ገንዳውን የሚንከባከቡት ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ ሥራ አስኪያጇ አስጠራችኝና "መስታወቱን ስትወለውዪ ከዓሦቹ ጋር ስታወሪ እሰማሻለሁ፤ በቃ አንቺው ያዢው" አለችኝ። አየህ? እናንተ ራዲዮ እያላችሁ ስትስቁብኝ፣ ወሬዬ አሾመኝ!

ከሹመቱ ጋር ሁለት አዳዲስ ዓሦች መጡ። ቢራቢሮ ዓሣ ይባላሉ። ብታያቸው! ቢጫ፣ እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ፣ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መቀነት የታሰረባቸው፣ አፋቸው ደግሞ ሹል፣ ቁርጥ የአንተን መርፌ። አንዱ ያለ አንዱ ስንዝር አይሄድም፤ ስለዚህ ሙሽራውና ሙሽሪት ብለናቸዋል።

ትልቁ ገንዳ ግን ገና አልገቡም። አዲስ የመጣ ዓሣ መጀመሪያ ለብቻው ይቆያል፤ ኳራንቲን ነው። ከባሕር በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ በሽታው ደግሞ ሲጀምር አይታይም፣ ሲታይ ግን ገንዳውን ሙሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሙሽሮቹ የኋላ ጓዳ ውስጥ ባዶ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ናቸው። አሸዋ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ መደበቂያ የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ። ባልዲያቸው ለብቻ፣ መረባቸው ለብቻ፣ ፎጣቸው ለብቻ። መዳብ ያለበት መድኃኒት በጠብታ እጨምርላቸዋለሁ፤ ካነሰ በሽታውን አይነካው፣ ከበዛ ራሳቸውን ይገድላቸዋል። ጠብታውን ጮክ ብዬ ነው የምቆጥረው፣ አልዋሽህም። ሽማግሌው ሲሰናበቱኝ ደግሞ "ይኼ ዓሣ በበሽታ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ደንግጦ አልበላም ይላል፣ በዚያው ይቀራል" አሉኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ በየሰዓቱ ጓዳ እየገባሁ አያቸዋለሁ።

አንተስ ለምንድን ነው ስልክ የማታነሣው? ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ጣቴ አለቀ። ቢያንስ ጻፍልኝ።

ራዲዮህ

* * *

ጥቅምት 24 ቀን

ይድረስ ለእህትዓለም፤ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፣ ሹመትሽን ያጽናልሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳቅሁ። ስቄም ሳልሁ። ስልክ የማላነሣው ለዚህ ነው፤ አፌን ስከፍት ሳሉ ከቃሉ ይቀድማል።

ሳንባ ነው አሉኝ። ተራው መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት ነው አሉ። ስለዚህ እኔንም እንደ ዓሦችሽ ለይተው አስቀምጠውኛል። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ነው። ወደ ውጭ ያለው መስኮት ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ወደ ኮሪደሩ ያለው መስታወት ግን ጨርሶ አይከፈትም። ወረቀት ወደዚህ ይገባል እንጂ ከዚህ አይወጣም። እናም እኔ ጽፌ መስታወቱ ላይ እለጥፋለሁ፣ ሚስቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትገለብጠዋለች። ይህ የምታነቢው የእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

(እኔ ነኝ እህቴ፣ ገልባጯ። ሰላም ላንቺ ይሁን። ቃል ላልጨምር ምዬለታለሁ፣ ይህችን ብቻ።)

እዚህ ፊት የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙም ነርሷም ተሸፍነው ነው የሚገቡት፤ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። የምለያቸው በስፌታቸው ነው። የነርሷ ጋውን ግራ እጅጌው ተጣሞ ተሰፍቷል፤ ላስተካክልላት ብል መርፌ ክልክል ነው። የምግቡ ጋሪ ኮሪደሩ ላይ ሲንቋቋ ልቤ ይመታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጎረቤቴ አስተማሪ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ጥርሱም ጥሩ ነው፣ ሲያላምጥ ክፍሉ ይሰማል። እኔም እበላለሁ። ደህና አድርጌ ነው የምበላው።

(መሐላዬ ፈረሰ። ውሸቱን ነው! ሰሃኑን ለአስተማሪው ያቀብለዋል፣ በመስታወቱ አየዋለሁ እኮ። ባዶ ሰሃን ሲወጣ ነርሷ ትደሰታለች። ክኒኑ አፉን አምርሮበታል፤ ልብስ ሰፊው ሰውዬ ሱሪውን በገመድ ነው ያቆመው። ሐኪሙ "ካልበላ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም" ብሎኛል። እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪው።)

ለእናታችን ደህና ነው በያት። ለእኔ ምንም አትላኪ። ብቻ የዓሦችሽ ቢጫ ምን ዓይነት ቢጫ እንደሆነ፣ የሚመስለውን ክር ቆርጠሽ ፖስታው ውስጥ ጨምሪልኝ።

ወንድምሽ

* * *

ኅዳር 12 ቀን

ወንድምዓለም፣ የዓይኔ ብርሃን፣ ምሕረቱን ያውርድልህ፣ ከዚያ ክፍል በእግርህ ያውጣህ፣ ያስተማሪውንም ጥርስ ይጠብቅልን።

ደብዳቤህን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቆሜ ነበር የከፈትኩት። ስጨርስ የአንሶላ ቅርጫት ላይ ተቀምጫለሁ፤ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ይጮኻል፣ እኔ አልሰማም።

ክሩ ይኸውልህ። ሦስት ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት። ቀን ሲሆን ወደ ብርሃኑ ይዘህ እየው፤ ሙሽሪት ጀርባዋ ላይ ቁርጥ ይህን ትመስላለች።

ስለ ሙሽሪት ከተነሣ፣ አትበላም። ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ በስሱ ከትፌ እሰጣታለሁ፣ አፏ ውስጥ ታስገባና ዞር ብላ ትተፋዋለች። የማላያት መስሏት! መቼም ዞር ብለው የሚተፉ ሁሉ የማይታዩ ይመስላቸዋል፣ አይደል? አንተን አላልኩም። ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቱቦዋ ውስጥ ትገባና ፊቷን ወደ ባዶው መስታወት አዙራ ትቆማለች። ጠዋት ጠዋት የጓዳውን በር እጀታ ይዤ እቆማለሁ፤ ለመክፈት ድፍረት አጣለሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ፣ ዓሣ የሚጮኽ ይመስል!

እዚህ አንድ የመርከብ ወጥ ቤት የነበሩ አዛውንት አሉ፣ ምላሳቸው ቢላዋ ነው። "ዛሬስ በላች?" አሉኝ። አልበላችም አልኳቸው። "እንግዲያው እሷን እንብላታ! እኔ ጠብሼ እገላግልሽ ነበር" ብለው አዳራሹን አሳቁት። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ለዓሣ ነው እንግዲህ። ለዓሣ ብቻ ነው አልልህም።

ብላ፣ ወንድሜ። ባይጥምህም ብላ። ስለ ሙሽራው ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ራዲዮህ

* * *

ኅዳር 30 ቀን

ለእህትዓለም፤ ሰላምሽ ይብዛ።

ክሩ ደረሰ። አልጋዬ ብረት ላይ አስሬዋለሁ። ፀሐይ ሲያገኘው ያበራል።

ስለ ሙሽራው ሌላ ጊዜ አልሽ። አንቺ መቼ ነው ወሬ ለሌላ ጊዜ ያስቀመጥሽው? ሞቷል ማለት ነው። ለእኔ ብለሽ ነው የደበቅሽው፣ ገብቶኛል።

አስተማሪው ዳነና ወጣ። ደስ ብሎኛል። ሲወጣ በመስታወቱ እጁን አወዛወዘልኝ፤ አፉን ሳያላምጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጊዜ አየሁት። ከኋላው ሰው አላመጡም። እንግዲህ ሙሽሪትም ብቻዋን፣ እኔም ብቻዬን።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የእኔን ሰሃን ለአስተማሪው እሰጠው ነበር፤ ይህቺ ገልባጭ መቼም ነግራሻለች። ነገር ግን እሱ ሲያላምጥ ስሰማ ሳላስበው አንድ ሁለት ማንኪያ ይወርድልኝ ነበር። አሁን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛለሁ። ግድግዳ አያላምጥም። ለዚያች ልጅ ሆዳም ጎረቤት ፈልጊላት። ስትበላ የምታየው ነገር ይኑራት።

ደክሞኛል። ከቻልሽ ነይ።

(እህቴ፣ "ነይ" የሚለውን ሁለቴ አየሁት፣ በትክክል ነው የገለበጥኩት። ወረቀቱን ራሱ አልለጠፈውም። ክንዱ አልነሣ አለው፣ ነርሷ ናት የለጠፈችለት።)

* * *

ታኅሣሥ 15 ቀን

ወንድምዓለም፣ "ነይ" አልከኝ። አንተ! ሠርጌ ላይ ቀሚሴን ሰፍተህ ውሃ እንኳ ስጡኝ ያላልክ ሰው! ሰላምታው ከልቤ እንደሆነ ቁጠርልኝ፣ ዛሬ ብዕሬ አልያዝ ብሎኛል።

ፈቃድ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጇ ደንግጣ ልቀቂና ሂጂ ልትል ምንም አልቀራትም፣ ግን እስከ መጋቢት የሚተካኝ ሰው የለም። መጋቢት! አፌን ሞልቼ "እሺ" አልኳት፣ ሆዴ ግን "እስከዚያ ይቆያል ወይ?" ይላል። ይህን ልጽፍልህ አልነበረም። ጻፍኩት።

ሙሽራው ሞቷል። የገደልኩትም እኔ ነኝ፣ በንጽሕናዬ። ሳጥኑ ውስጥ ውሃውን የሚያጣራ ስፖንጅ አለ። ጠቁሮ ሳየው እጄን በላኝ፤ እኔ ቆሻሻ አይቼ የማልፍ ሰው ነኝ? ወስጄ በቧንቧ ውሃ አሸሁት፣ ነጭ እስኪሆን አሸሁት፣ ኮርቼም መለስኩት። ለካ ያ ጥቁር ነገር ሕያው ነበር! የዓሦቹን እዳሪ መርዝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። አጥቤ ደፋኋቸው። ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ነበር፣ ግን መርዝ ነበር። ሙሽሪትን ወደ ሌላ ውሃ ስቀይራት ደረስኩላት፣ እሱ ግን በጎኑ ተኝቶ ነበር። ፈራሁ፤ አንተ ሰምተህ ተስፋ ትቆርጥ ይሆናል ብዬ ነው የደበቅሁህ።

አሁን ይህን ስማ! ያልከኝን አደረግሁ። ዓሣ ሻጩ ጋ ሄጄ "ሆዳም ስጠኝ" አልኩት። ሳቀና አንዲት ተራ ሰማያዊ ዓሣ ጨልፎ ሰጠኝ፣ አውራ ጣት የምታክል፣ ዓይኗ የሚያቁለጨልጭ። ሙሽሪትን እንዳትነክስብኝ ሳጥኑን ወዲያ ማዶ በሚያሳይ፣ ቀዳዳ ባለው መከለያ ለሁለት ከፈልኩት። እሷ በዚያ፣ ሙሽሪት በዚህ። ኳራንቲኑም ለሁለቱም ከአንድ ጀመረ።

ሆዳሟ የጣልኩላትን ሁሉ ታግበሰብሳለች። ውሃውን ትረጫለች፣ የወደቀ ታነሣለች፣ ጣቴን ልትበላ ትዘላለች። ሙሽሪት መጀመሪያ ቱቦዋ ውስጥ ሸሸች። ቀጥሎ አፏን ብቻ አወጣች። ቀጥሎ መከለያው ድረስ መጥታ ቆማ ታይ ጀመር፣ በመስኮት የጎረቤት ድግስ እንደሚያይ ሰው። ትናንት ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር ቀንድ አውጣ ከፍቼ ግማሽ ግማሹን በሁለቱም በኩል አስቀመጥኩ። ሆዳሟ ወረደችበት። ሙሽሪት አየቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ ያንን መርፌ አፏን ሰደደች፣ ነጠቀች፣ ዋጠች! ጠበቅሁ። አልተፋችም! ደግማ ነጠቀች! እኔ ጮህኩ፣ የመርከቡ ወጥ ቤት በከዘራቸው እየሮጡ መጡ። "ወለደች እንዴ?" አሉ።

ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ነው፣ ቆፍጣናዬ። አንቺ እዚያ መስታወት ጋ ምን ይዘሽ ነው የምትሄጂው? ብዕርና እንባ፣ አይደል? እሱን እያየሽ ትቆሚያለሽ፣ እሱም ያፍራል። በቃ! ከነገ ጀምሮ ምሳሽን ይዘሽ ሂጂ። የእሱ ጋሪ ሲደርስ አንቺም ሰሃንሽን ክፈቺ። ፊት ለፊቱ ብዪ። አፈርኩ አትበዪ፣ ሆዴ ዝግ ነው አትበዪ። አላምጪ፣ እስኪሰማው አላምጪ።

* * *

ጥር 22 ቀን

ለሁላችሁም፤ ሰላም ነው ብዬ እንድጽፍ ንገሩኝ።

ደብዳቤ የለም። ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ እኔን ሲያይ መንገድ መቀየር ጀምሯል። ስልክ ብደውል የቆፍጣናዋ ይጠራል፣ አይነሣም። እናቴ "ሁሉም ደህና ነው" ትለኛለች፤ እኔ ያስተማርኳትን ውሸት መልሳ ለእኔ!

ሙሽሪት ኳራንቲኗን ጨርሳ ትልቁ ገንዳ ገባች። አዛውንቶቹ በሙሉ ተሰብስበው ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ ሥር ተደበቀች፣ ከዚያ ሆዳሟን ስታያት ወጥታ ተከተለቻት። አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጇ አቀፈችኝ። እኔ ግን ደስታው ከአንገቴ በታች አልወርድ አለኝ። የምነግረው ሰው የት አለ?

አንድ ቃል ይበቃኛል። በላ ወይም አልበላም በሉኝ።

* * *

የካቲት 27 ቀን

ለእህቴ፤ ይህ ግልባጭ አይደለም፣ የራሴ ነው። ስላዘገየሁሽ ይቅር በይኝ። ልጽፍልሽ ስነሣ "ነገ ይለይለት" እላለሁ፣ ነገም አይለይለትም። ክፉ ነገር በእጄ ጽሑፍ እንዲደርስሽ ፈርቼ ነው። ስልኩንም ለዚያ ነው ያላነሣሁት፤ ድምፅሽን ብሰማ አልችልም።

በጣም ወድቆ ነበር። በመርፌ ነበር የሚመግቡት። ደብዳቤሽን ነርሷ አነበበችለት። በማግስቱ ሩዝና ቅጠላ ቅጠሌን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የታመመ ባል ፊት ቁጭ ብሎ መብላት! የሚያልፍ ሁሉ ያየኛል። አንዲት ሴትዮ "እርሟን አልበላችም እንዴ ቤቷ?" ስትል ሰማኋት። እንባዬ ሩዙ ላይ እየወረደ በላሁ። ጨው አልጎደለውም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዞር ብሎም አላየኝ። እኔ መብላቴን አልተውኩም። በኋላ አንድ ቀን አጥንት ያለው ሥጋ ይዤ ሄጄ ስታገለው፣ አጥንቱ አምልጦኝ መስታወቱ ላይ ጧ! አለ። ዞረ። አየኝ። አገጬ በመረቅ ርሷል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳሉ ተነሣ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው! ከዚያ እጁን ወደ ጋሪው ዘርግቶ ለነርሷ ማንኪያውን አመለከታት።

ሦስት ማንኪያ ሾርባ። መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ጉሮሮውን አየሁ፤ ወረደ። አልተፋውም።

ከዚያ ወዲህ ምሳችንን አብረን ነው የበላነው፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ። እኔ ወፈርኩ፣ እህቴ! ቀሚሴ አልዘጋ አለኝ፣ የሚያሰፋልኝ ሰው ደግሞ ታስሮ ነበር። ምርመራው ንጹሕ ሆነ፤ ደገሙት፣ ንጹሕ ሆነ። የቀረውን ክኒን ቤቱ ሆኖ ይጨርሳል። ከታች ያለውን እሱ ነው የጻፈው።

እህትዓለም፣ ይህ የራሴ እጅ ነው። ወረቀቱን ማንም አልገለበጠውም። ቤቴ በረንዳ ላይ፣ የሚስቴን ቀሚስ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ቢጫውን ክር ከእኔ ጋር እንዲያወጡልኝ ለመንኩ፣ አልሆነም፤ እዚያው አልጋው ላይ ቀረ። ከእኔ ኋላ ለሚገባው ይሁን። ሌላ ላኪልኝ። ወይም ይዘሽ ነይ፤ አሁን "ነይ" ስልሽ አትፍሪ።

* * *

መጋቢት 9 ቀን

በላ! በላ! በላ!

አዳራሹ ውስጥ ነው የጮህኩት። የመርከቡ ወጥ ቤት "ዓሣዋ መቼ ተራበች ደግሞ?" አሉኝ። "ወንድሜ!" አልኳቸው፣ "ወንድሜ በላ!" ከዚያ ሰውዬው፣ ያ ምላሰ ቢላዋ፣ መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ሙሽሪትም መስታወቱ ጋ መጥታ አየችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ምስጋና ለፈጣሪ፣ ዕድሜ ለነርሷ፣ ቆፍጣናዬ ደግሞ ያ አጥንት ወርቅ ይሁንልሽ!

የሚተካኝ ሰው መጥቷል። ስፖንጁን አሳየሁትና "ይህን ነጭ ብታደርገው እመለስና አንተን አጥብሃለሁ" አልኩት። ትኬቴ ተቆርጧል። ቢጫው ክር አንድ ጥቅልል ሙሉ ሻንጣዬ ውስጥ ነው።

ፍርሃቱ ገና አልለቀቀኝም፤ ጠዋት ጠዋት አሁንም የበር እጀታ ይዤ እቆማለሁ። ግን አሁን እከፍተዋለሁ።

ስሙኝ እንግዲህ፣ አዋጅ ነው። ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ልጆቹ፣ እናቴ ከነውሸቷ፣ አስተማሪው ከነጥርሱ፣ ነርሷም ያንን ጋውኗን ይዛ ትምጣ፣ እጅጌው ይስተካከልላታል፤ ፊቷንም እንየው። ያቺ ኮሪደር ላይ ቆፍጣናዬን ያማቻት ሴትዮ ከተገኘች እሷም ትምጣ፣ ከፊት ለፊቷ ተቀምጬ እበላላታለሁ። ጠረጴዛው ግቢያችሁ መሀል ይሁን። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቀመጥ አንድም ሰው አላይም። የሚላመጠው ጎረቤት ድረስ ይሰማ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5 ቀን፣ በምሳ ሰዓት። ማንም እንዳይቀር!